የታይዋን ዘጋቢ ፊልሞችንና ገለልተኛ የፌስቲቫል ፊልሞችን በኢንተርኔት ስለማግኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የፊልሞቹን ስም በአማርኛ ፊደል የጻፍኩት በዓለም አቀፍ ፌስቲቫሎች በሚታወቁበት የእንግሊዝኛ ርእሳቸው ሲሆን፣ የቻይንኛው ርእስ የተለየ ትርጉም ሲኖረው እሱንም አብሬ አስቀምጫለሁ።

ታይዋን ትንሽ ደሴት ናት፤ ዘጋቢ ፊልሞቿ ይህን ያህል የሚፈለጉት ለምንድን ነው?

ምክንያቱ የሚገኘው በታሪኳ ነው። ደሴቲቱ ከ1949 እስከ 1987 ድረስ ለ38 ዓመታት በወታደራዊ ሕግ ሥር ቆይታለች። በዚያ ዘመን የነበሩት ሦስት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በመንግሥት፣ በገዢው ፓርቲና በጦር ኃይሉ እጅ ስለነበሩ፣ መሬቱ በፋብሪካ ፍሳሽ የተበከለበት ገበሬም ሆነ መብቱን ለመጠየቅ አደባባይ የወጣ ሠራተኛ የራሱን ቃል በራሱ አንደበት የሚያሰማበት መስኮት አልነበረውም። በ1986 «ግሪን ቲም» የተባለ አነስተኛ ቡድን በእጅ የሚያዝ የቪዲዮ ካሜራ ይዞ ወደ ሰልፎቹ ገባ፤ የቀረጸውንም በካሴት እያባዛ ከሰው ወደ ሰው ማዳረስ ጀመረ። እስከ 1990 ድረስ የሠሩት ሥራ፣ ደሴቲቱ ከአንድ ፓርቲ አገዛዝ ወደ ዴሞክራሲ ስለተሸጋገረችበት ጊዜ ከቀሩት የምስል ማስረጃዎች ሁሉ ዋነኛው ሆኗል።

ሁለተኛው መሠረት የተጣለው በ1988 ነው። ዳይሬክተሩ ዉ ዪ-ፌንግ የመሠረተው «ፉል ሾት» የተባለው ስቱዲዮ በየአውራጃው ለሚኖሩ ተራ ሰዎች የፊልም ቀረጻ ሥልጠና ይሰጥ ነበር። በሴፕቴምበር 21 ቀን 1999 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ 2,400 ያህል ሰዎችን ሲገድል፣ የስቱዲዮው አባላት ወደ ተጎዳው አካባቢ ሄደው ለዓመታት ከተረፉት ሰዎች ጋር ቆዩ። ከዚያ ቆይታ ከተገኙት ሥራዎች አንዱ የሆነው «ጊፍት ኦፍ ላይፍ» በ2004 በሲኒማ ቤቶች ሲታይ በርካታ ተመልካች አግኝቷል። በእኔ አስተያየት የታይዋን ዘጋቢ ፊልም ትልቁ ጠባይ ይህ ነው፦ ዜናው ከቀዘቀዘ፣ ባለሥልጣናቱና ጋዜጠኞቹ ከተመለሱ በኋላ ካሜራው እዚያው ይቆያል። በ1998 ሥራ የጀመረው የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያም በቀጣዩ ዓመት «ቪውፖይንት» የተባለውን የዘጋቢ ፊልም ፕሮግራም በመክፈቱ፣ እንዲህ ያለው ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ገንዘብና ቋሚ የስርጭት ሰዓት ሊያገኝ ችሏል።

«ገለልተኛ የፌስቲቫል ፊልም» ሲባል ምን ማለት ነው?

በትልልቅ ስቱዲዮዎች ወይም በማስታወቂያ ድርጅቶች ገንዘብ ሳይሆን በባህል ሚኒስቴር ድጎማ፣ በሕዝብ ቴሌቪዥኑ ድጋፍ ወይም በዳይሬክተሩ በራሱ ኪስ የሚሠራ፣ ተመልካቹንም በመጀመሪያ የሚያገኘው በሲኒማ ቤት ሳይሆን በፌስቲቫል የሆነ ፊልም ማለት ነው። በታይዋን በዘጋቢና በልብ ወለድ ፊልም መካከል ያለው አጥር ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ዘጋቢ ፊልም ሲሠሩ ቆይተው ወደ ልብ ወለድ የተሻገሩ፣ ወይም በሁለቱም የሚመላለሱ ዳይሬክተሮች ጥቂት አይደሉም። በ2017 «ዘ ግሬት ቡዳ ፕላስ» በተባለ የልብ ወለድ ሥራው የታወቀው ሁዋንግ ህሲን-ያዎ ከዚያ በፊት የዘጋቢ ፊልም ሰው ነበር። ምያንማር ተወልዶ በታይዋን የሚሠራው ሚዲ ዚም በማዕድን ቆፋሪዎች ሕይወት ላይ ዘጋቢ ፊልሞችን፣ በስደተኞች ሕይወት ላይ ደግሞ ልብ ወለዶችን ሠርቷል። ስለዚህ ፍለጋዎን «ዘጋቢ» በሚለው ምድብ ብቻ ባይወስኑት ይጠቀማሉ።

ፍለጋውን ከየት ልጀምር?

ከስርጭት መድረኮቹ የፊት ገጽ ሳይሆን ከፌስቲቫሎቹ ዝርዝር እንዲጀምሩ አጥብቄ እመክራለሁ። መድረኮቹ በፊት ገጻቸው የሚያቀርቡት ብዙ ሰው ያየውንና እርስዎ ቀደም ሲል ካዩት ጋር የሚመሳሰለውን ነው፤ ከታይዋን ምንም አይተው የማያውቁ ከሆነ ደግሞ ምንም አያቀርቡልዎትም። የፌስቲቫል ዝርዝር ግን ለወራት ፊልሞችን ሲያዩና ሲመርጡ የቆዩ ባለሙያዎች የደረሱበት ፍርድ ነው፤ በነጻም ይገኛል።

የመጀመሪያው መዳረሻ በምኅጻር «ቲ አይ ዲ ኤፍ» የሚባለው የታይዋን ዓለም አቀፍ የዘጋቢ ፊልም ፌስቲቫል ነው። በ1998 የተጀመረ ሲሆን በየሁለት ዓመቱ በታይፔ ይካሄዳል። ከዓለም አቀፉና ከእስያው ውድድር ጎን ለጎን ለታይዋን ፊልሞች ብቻ የተለየ ውድድር ስላለው፣ ያለፉትን ዝግጅቶች የታይዋን ውድድር ዝርዝር ብቻ ወስደው ቢያነቡ የብዙ ወራት የፊልም ምርጫ በእጅዎ ገባ ማለት ነው። ፌስቲቫሉን የሚያዘጋጀው የታይዋን የፊልምና የኦዲዮቪዡዋል ተቋም «ታይዋንዶክስ» የተባለ የመረጃ ቋትም አለው፤ በዚያ የእያንዳንዱ ፊልም ርእስ በቻይንኛና በእንግሊዝኛ፣ ከዳይሬክተሩ ማንነትና ከፊልሙ ርዝመት ጋር ተመዝግቦ ይገኛል። ስለ ታይዋን ዘጋቢ ፊልም አንድ አድራሻ ብቻ እንድጠቁም ብገደድ የምጠቁመው ይህንን ነው።

ከዚያ ቀጥሎ በ1962 የተጀመረውና በየኖቬምበሩ የሚሰጠው የወርቃማው ፈረስ ሽልማት አለ። በቻይንኛ ለሚሠሩ ፊልሞች ሁሉ ክፍት በመሆኑ የሆንግ ኮንግና የማሌዥያ ሥራዎችም ይቀርቡበታል። በ2018 የምርጥ ዘጋቢ ፊልም ሽልማት ያገኘው «አወር ዩዝ ኢን ታይዋን» ዳይሬክተር ፉ ዩ በመድረኩ ላይ ታይዋን እንደ ራሷ የቆመች አካል እንድትታይ ያላትን ምኞት ተናገረች፤ በቀጣዩ ዓመት የቻይና የፊልም ባለሥልጣናት የዋናው ምድር ፊልሞችና ባለሙያዎች በሽልማቱ እንዳይሳተፉ ከለከሉ። አንድ ዘጋቢ ፊልም በዚያ አካባቢ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር ለማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በበጋ የሚካሄደው የታይፔ የፊልም ፌስቲቫል፣ በ1993 የተጀመረው «ዊመን ሜክ ዌቭስ» የተባለው የሴቶች የፊልም ፌስቲቫል፣ በደቡቧ ወደብ ከተማ የሚካሄደው የካኦሲዩንግ የፊልም ፌስቲቫል፣ ለአጫጭርና ለተማሪዎች ፊልሞች ከ1978 ጀምሮ የሚሰጠው «ጎልደን ሃርቨስት» ሽልማት ሌሎቹ አስተማማኝ ምንጮች ናቸው።

ፊልሞቹ ራሳቸው የሚገኙት የት ነው?

በአንድ ቦታ ተሰብስበው አይገኙም፤ ይህንን አስቀድሞ መቀበል ብዙ ድካም ያስቀራል። በታይዋን ውስጥ ለዘጋቢና ለገለልተኛ ፊልሞች ተብሎ የተከፈተው መድረክ «ጊሎ» ይባላል፤ ስያሜው «መዝግቦ ማስቀመጥ» የሚል ትርጉም ካለው የቻይንኛ ቃል ጋር ይገጥማል። ስብስቡ ጥልቀት ያለው ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፊልም የራሱ የመብት ወሰን ስላለው ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት የሚፈልጉት ፊልም እርስዎ ባሉበት ሀገር የሚከፈት መሆኑን ያረጋግጡ። የሕዝብ ቴሌቪዥኑም የራሱ የኢንተርኔት መድረክ ያለው ሲሆን፣ በዩቲዩብ ባሉት ቻናሎች አንዳንድ ዘጋቢ ፊልሞችን በነጻ ይለቅቃል። ከእነዚህ መካከል ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ቆይተው የሚነሱ ስላሉ፣ ያዩትን ለነገ ማሳደር ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል።

በ2021 በእንግሊዝኛ ሥራ የጀመረው «ታይዋንፕላስ» ለውጭ ሀገር ተመልካች ታስቦ የተቋቋመ ስለሆነ ለጀማሪ ቀላሉ በር እሱ ነው፤ ክፍያ የለውም፣ አቀራረቡም ስለ ደሴቲቱ ቀድሞ የሚያውቁት ነገር እንዳለ አይገምትም። ከጥልቅ የፌስቲቫል ሥራ ይልቅ ወደ ቴሌቪዥን ዘገባ የሚያደላ መሆኑን ግን መናገር ተገቢ ነው።

ከዓለም አቀፎቹ መካከል ኔትፍሊክስ ከታይዋን የሚይዘው በአብዛኛው የልብ ወለድ ፊልምና ተከታታይ ድራማ ነው፤ በ2019 የተሠራው የቹንግ ሞንግ-ሆንግ «ኤ ሰን» እና በ2025 በካን ፌስቲቫል የሐያስያን ሳምንት ከታየ በኋላ በዚያው መድረክ የተለቀቀው የጾው ሺ-ቺንግ «ሌፍት ሃንድድ ገርል» ጥሩ ምሳሌዎች ናቸው። «ሙቢ» የተባለው የጥበባዊ ፊልሞች መድረክ የታወቁ ዳይሬክተሮችን ሥራዎች እያፈራረቀ ያቀርባል። የአውሮፓ የዘጋቢ ፊልም ፌስቲቫሎች በጋራ የቆሙበት «ዲ ኤ ፊልምስ» ደግሞ የእስያ ሥራዎችንም ስለሚያካትት በየጊዜው መፈተሽ ይገባዋል። አንዳንድ ዳይሬክተሮች ያለ ማንም አማላጅ ፊልማቸውን «ቪሜዎ» በተባለው የቪዲዮ ድረ ገጽ ለኪራይ ያቀርባሉ፤ በእንዲህ ያለው መንገድ የሚከፍሉት ገንዘብ አብዛኛው የሚደርሰው ለሠሪው ስለሆነ፣ ምርጫ ባለ ጊዜ ይህንን ማስቀደም ደግ ነው።

ፊልሙን አግኝቼ ስከፍተው «በሀገርዎ አይገኝም» ይለኛል። ለምን?

የአንድ ፊልም የማሳየት መብት የሚሸጠው በሀገር፣ በጊዜና በአቀራረብ ዓይነት ተከፋፍሎ ነው። ለታይዋን ብቻ መብት የገዛ መድረክ ፊልሙን ለናይሮቢ ወይም ለአዲስ አበባ ተመልካች ቢከፍት ውሉን ያፈርሳል። ሁለተኛው ምክንያት የፌስቲቫሎቹ ልማድ ነው፤ ብዙ ፌስቲቫሎች በሀገራቸው ወይም በአህጉራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታይ ፊልም ስለሚመርጡ፣ አዲስ ፊልም ዙሩን እስኪጨርስ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ከኢንተርኔት ሊርቅ ይችላል። ፊልሙ ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ ገና በመንገድ ላይ ነው።

ብዙዎች መፍትሔ አድርገው የሚጠቅሱት ቪፒኤን (ተጠቃሚው በሌላ ሀገር ያለ የሚያስመስል የኢንተርኔት መሣሪያ) የአብዛኞቹን መድረኮች የአገልግሎት ውል የሚጥስ ነው። ከሕጉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ፦ ከአፍሪካ የሚመጣው ተመልካች በሌላ ሀገር ስም ከተቆጠረ፣ አከፋፋዩ በእኛ አካባቢ ፈላጊ እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ አይኖርም። የፊልሙ አከፋፋይ ወይም ዳይሬክተሩ ዘንድ በአጭር ደብዳቤ መጠየቅ ከሚገመተው በላይ ይሠራል፤ ገለልተኛ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ከሩቅ ሀገር የሚመጣ ጥያቄን በቁም ነገር ያነባሉ።

ቻይንኛ አላውቅም፤ ልከታተላቸው እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ግን የሚሰሙት ቋንቋ ሁሉ አንድ ዓይነት ቻይንኛ እንዳልሆነ አስቀድመው ይወቁ። በታይዋን ፊልሞች ውስጥ ማንደሪን፣ ሆክየን የሚባለው የታይዋን ቋንቋ፣ ሃካ፣ እንዲሁም በመንግሥት እውቅና ያላቸው የ16ቱ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ይነገራሉ። በአንድ ቤት ውስጥ አያት በሆክየን ስትናገር የልጅ ልጇ በማንደሪን የሚመልስበት ትዕይንት በየፊልሙ ያጋጥማል፤ በወታደራዊው ሕግ ዘመን ትምህርት ቤቶች ከማንደሪን ሌላ የሚናገር ተማሪን ይቀጡ ስለነበር፣ ይህ የቋንቋ ልዩነት በራሱ ታሪክ የሚናገር ነው። የእንግሊዝኛው የግርጌ ጽሑፍ ሁሉንም በአንድ ቀለም ስለሚያቀርበው ጆሮዎን ንቁ አድርገው ልዩነቱን ለመለየት ይሞክሩ።

በፌስቲቫል የታየ ፊልም ሁሉ ማለት ይቻላል የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ አለው፤ የአማርኛ ግን አያገኙም። በዩቲዩብ በነጻ የሚለቀቁት ላይ የሚያጋጥመው ችግር ለየት ያለ ነው፦ የቻይንኛው ጽሑፍ በምስሉ ላይ ታትሞ ስለሚመጣ፣ አውቶማቲክ ትርጉሙ ሊያነበው አይችልም። ስለዚህ ቪዲዮውን ከመጀመርዎ በፊት የተለየ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የተያያዘለት መሆኑን በማስተካከያው ውስጥ ይመልከቱ።

በፍለጋ ጊዜ የዳይሬክተሩን ስም ስጽፍ አንዳች ነገር አይመጣልኝም። ምን ላድርግ?

የታይዋን ስሞች በላቲን ፊደል የሚጻፉት ከዋናው ቻይና በተለየ የቆየ ሥርዓት ነው፤ አንዱ ስም በሁለትና በሦስት መንገድ ተጽፎ ይገኛል። ካኦሲዩንግ የምትባለው ከተማ በአንዱ ጽሑፍ በ«ካ» በሌላው በ«ጋ» ስትጀምር ሊያዩ ይችላሉ፤ ሰዎቹም እንዲሁ ናቸው። ከመረጃ ቋቱ ወይም ከፌስቲቫሉ ዝርዝር የቻይንኛውን ርእስ ቀድተው በመፈለጊያው ላይ መለጠፍ ከሁሉ ይቀላል። ታይዋን የምትጠቀመው ያልቀለለውን ባህላዊ የቻይንኛ ፊደል መሆኑንም አይርሱ። የቻይንኛው ርእስና የእንግሊዝኛው ርእስ የትርጉም ዝምድና ላይኖራቸው ስለሚችል፣ ከአንዱ ተነስቶ ሌላውን በራስ መገመት አያዋጣም።

መጀመሪያ የትኞቹን ልመልከት?

ለአንድ ወዳጄ የምመርጥ ቢሆን ከአጭሩ እጀምራለሁ። የኤስ. ሊዮ ቺያንግ «አይላንድ ኢን ቢትዊን» ወደ 20 ደቂቃ የሚጠጋ ፊልም ሲሆን፣ ከቻይናዋ የሺያመን ከተማ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ስላለችውና በታይዋን ስለምትተዳደረው የኪንመን ደሴት ይተርካል። በ2024 ለኦስካር የአጭር ዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ታጭቷል፤ በኒው ዮርክ ታይምስ የአጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች ክፍልም በነጻ ወጥቷል። ባሕር ዳር ቆሞ የማዶውን ከተማ መብራት የሚያይ ሰው የሚሰማውን ጥያቄ ያለ ጩኸት ያቀርባል።

ከዚያ ወደ «ሌት ኢት ቢ» እሄዳለሁ። በ2004 የወጣውና የን ላን-ቹዋን ከጁዋንግ ዪ-ጸንግ ጋር የሠራችው ይህ ፊልም በታይናን አካባቢ ሆውቢ በተባለ ቦታ የሚኖሩ በዕድሜ የገፉ የሩዝ ገበሬዎችን ይከተላል። የቻይንኛው ርእስ «ሩዝ ባይኖርም ደስታ» እንደ ማለት ነው። ታይዋን በ2002 የዓለም ንግድ ድርጅት አባል በሆነች ማግስት የተቀረጸ በመሆኑ፣ ገበሬዎቹ ከውጭ በሚገባ እህል ዋጋቸው ሲወድቅ እያዩ እርሻቸውን እንደ ጸሎት ይይዙታል። ዝናብን በመጠበቅና በሬን በማክበር ያደገ ሰው የእነዚህን አዛውንቶች ዝምታ ለመረዳት አስተርጓሚ አይፈልግም።

«ቢዮንድ ቢዩቲ፦ ታይዋን ፍሮም አበቭ» በ2013 የወጣ፣ ከሄሊኮፕተር ላይ የተቀረጸ የደሴቲቱ ገጽታ ነው። ዳይሬክተሩ ቺ ፖ-ሊን በመንገድ ግንባታ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ለዓመታት ከአየር ላይ ፎቶግራፍ ሲያነሳ የቆየ ሰው ሲሆን፣ ይህንን ፊልም ለመሥራት ሥራውን ለቅቆ ቤቱን በመያዣነት አስይዟል። ፊልሙ በታይዋን ሲኒማ ቤቶች ከ200 ሚሊዮን የታይዋን ዶላር በላይ ያስገባ ሲሆን፣ በተራሮቹና በወንዞቹ ላይ የደረሰውን ጉዳት ያየው ሕዝብ ባነሳው ጥያቄ መንግሥት ግብረ ኃይል ለማቋቋም ተገዷል። ቺ ለቀጣዩ ፊልሙ ቀረጻ ሲያደርግ በጁን 2017 በሄሊኮፕተር አደጋ ሕይወቱ አልፏል። ይህንን ፊልም የሚቻል ከሆነ በስልክ ሳይሆን በትልቅ ስክሪን ይመልከቱት።

«ስሞል ቶክ» ከሁሉም ይበልጥ የሚከብደው ነው። ሁዋንግ ሁዊ-ቸን ከልጅነቷ ጀምሮ ከእናቷ ጋር የቀብር ሥነ ሥርዓት እየመራች ያደገች ሴት ናት። እናትና ልጅ ለብዙ ዓመታት በአንድ ቤት ሲኖሩ ስለ ምግብና ስለ ዕለቱ ጉዳይ ካልሆነ በቀር አይነጋገሩም ነበር፤ እናትየው ሴቶችን የምታፈቅር ሴት መሆኗም፣ በትዳር ውስጥ የደረሰባት በደልም በመካከላቸው ተዳፍኖ ቆይቷል። ልጅቷ ካሜራውን በገበታው ጫፍ አስቀምጣ እናቷን መጠየቅ ትጀምራለች። በ2017 በበርሊን ፌስቲቫል፣ በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ሕይወት ላይ ለሚያተኩሩ ፊልሞች የሚሰጠውን የቴዲን የዘጋቢ ፊልም ሽልማት አግኝቷል። በእናትና በልጅ መካከል ክብርና ዝምታ ተጋብተው የሚኖሩበትን ቤት የሚያውቅ ሁሉ በዚህ ፊልም ውስጥ የራሱን ሳሎን ያገኛል።

ትዕግሥት ላለው ተመልካች ደግሞ በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ዘመን በታይናን ስለነበሩ ወጣት ገጣሚዎች የሚተርከው የሁዋንግ ያ-ሊ «ለ ሙላን» እና በ2024 የወርቃማው ፈረስን የዘጋቢ ፊልም ሽልማት ያገኘው፣ 5 ሰዓት የሚጠጋው የላው ኬክ-ሁዋት «ፍሮም አይላንድ ቱ አይላንድ» አሉ። ይህኛው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጃፓን ሠራዊት ሥር ሆነው ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ የሄዱ ታይዋናውያንን ይመለከታል፤ የተበደለ ሕዝብ በሌላ ቦታ በዳይ ሆኖ ሊገኝ የሚችልበትን ጉዳይ ሳይሸሽ ያነሳል። በአንድ ቀን ለመጨረስ አይሞክሩ።

ስለ ስደተኛ ሠራተኞች የሚናገሩ አሉ?

አሉ፤ እኛን በቅርብ ከሚመለከቱት መካከልም ናቸው። ታይዋን ውስጥ ከ7 መቶ ሺህ በላይ ሠራተኞች ከኢንዶኔዥያ፣ ከቬትናም፣ ከፊሊፒንስና ከታይላንድ መጥተው በፋብሪካ፣ በዓሣ ማጥመጃ መርከብና በየቤቱ አረጋውያንን በመንከባከብ ይሠራሉ። የጃስሚን ሊ ቺንግ-ሁዊ «መኒ ኤንድ ሃኒ» ከፊሊፒንስ የመጡ አስታማሚ ሴቶችን ከ10 ዓመት በላይ ተከትሎ የተሠራ ነው። በ2022 የወርቃማው ፈረስን የዘጋቢ ፊልም ሽልማት ያገኘው የጻይ ጹንግ-ሉንግ «ኤንድ ማይልስ ቱ ጎ ቢፎር አይ ስሊፕ» ደግሞ በ2017 በፖሊስ 9 ጊዜ ተተኩሶበት ስለሞተ የ27 ዓመት ቬትናማዊ ሠራተኛ ነው፤ የቻይንኛው ርእስ «ዘጠኝ ጥይት» ነው። በፖሊሱ ካሜራ የተቀረጸው ምስል በፊልሙ ውስጥ ስለሚታይ ልጆች ባሉበት አይክፈቱት።

በቤይሩት፣ በሪያድ ወይም በዱባይ በሰው ቤት የሠራች እህት ወይም ልጅ ያለው አንባቢ እነዚህን ፊልሞች ሲያይ የደላላውን ዕዳ፣ አሠሪ መቀየር የማይፈቅደውን ውል፣ ወደ ቤት የሚላከውን ገንዘብና የሚደበቀውን እንባ ወዲያው ይለያል። የሚለየው ነገር አንድ ነው፦ እዚያ የሠራተኞቹን ታሪክ ተቀባዩ ሀገር ራሱ በሕዝብ ገንዘብ እየቀረጸ ለራሱ ሕዝብ አሳይቷል፤ በሽልማቱም አክብሮታል።

የቆዩትንስ የታይዋን ፊልሞች ማግኘት ይቻላል?

በከፊል። ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ ድረስ በሆክየን ቋንቋ ከ1,000 በላይ ፊልሞች ተሠርተው የነበረ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ የተረፉት ከ200 ብዙም አይበልጡም። የቀሩትን እየሰበሰበ የሚጠግነው ከላይ የተጠቀሰው የፊልምና የኦዲዮቪዡዋል ተቋም ነው፤ የታደሱት በየጊዜው በፌስቲቫሎችና በኢንተርኔት ይታያሉ። ከኋለኞቹ በ1989 በቬኒስ የወርቅ አንበሳ ሽልማት ያገኘው የሆው ህሲያዎ-ህሲየን «ኤ ሲቲ ኦፍ ሳድነስ» የመንግሥት ወታደሮች የተነሳባቸውን ሕዝባዊ ተቃውሞ ለማፈን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የገደሉበትን የ1947ቱን እልቂት ዘመን ለመረዳት የግድ ነው፤ ዘጋቢ ፊልሞቹ ደጋግመው የሚመለሱበት ቁስል ስለሆነ።

ከኢትዮጵያ ሆኜ የዳታውንና የክፍያውን ነገር እንዴት ልወጣው?

በአዲስ አበባ የታይዋን ኤምባሲ ስለሌለ፣ ኤምባሲዎች እንደሚያዘጋጁት ያለ የፊልም ሳምንት መጠበቅ አይቻልም፤ ኢንተርኔቱ ዋናው መንገድ ሆኖ ይቀራል። በኔትፍሊክስ ስሌት መደበኛ ጥራት ያለው ምስል በሰዓት እስከ 1 ጊጋባይት፣ ከፍተኛ ጥራት ያለው ደግሞ እስከ 3 ጊጋባይት ይወስዳል። ስለዚህ የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም በመደበኛ ጥራት ቢበዛ 1.5 ጊጋባይት ስለሚፈጅ፣ ዋይፋይ ባለበት ማውረድ በሚፈቅዱ መተግበሪያዎች አስቀድሞ አውርዶ ማየት ያዋጣል። የሚከፈልባቸው መድረኮች በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ስለሚጠይቁ፣ ካርዱ የሌለው ሰው ከታይዋንፕላስ፣ ከሕዝብ ቴሌቪዥኑ የዩቲዩብ ቻናሎችና ከነጻ አጫጭር ፊልሞች ቢጀምር ለወራት የሚበቃ ሥራ ያገኛል።

በአሜሪካ፣ በካናዳ ወይም በብሪታንያ የሚኖሩ ወገኖች የተሻለ ዕድል አላቸው። «ካኖፒ» የተባለው መድረክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ወይም የዩኒቨርሲቲ መለያ ላለው ሰው በነጻ ይከፈታል፤ የሰፈርዎ ቤተ መጻሕፍት አባል መሆኑን ጠይቀው ይወቁ። የሌለ ፊልም እንዲገዛ ለቤተ መጻሕፍቱ ማመልከትም ይቻላል።

ፊልሙን ለማኅበራችን ወይም ለተማሪዎቻችን በጋራ ማሳየት ብንፈልግስ?

ለግል የከፈሉት ክፍያ በአዳራሽ ለማሳየት አይፈቅድም፤ የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል። የአከፋፋዩን ማንነት ከፊልሙ የመረጃ ገጽ ወይም ከፌስቲቫሉ ካታሎግ ያገኛሉ። በደብዳቤዎ ላይ የሚያሳዩበትን ቀንና ከተማ፣ የሚጠበቀውን የተመልካች ብዛት፣ መግቢያው በክፍያ ወይም በነጻ መሆኑን፣ እንዲሁም የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ለማዘጋጀት ፈቃደኛ ከሆኑ ይህንኑ በግልጽ ይጻፉ። የመጨረሻው ነጥብ ክብደት አለው፤ ወደ አዲስ ቋንቋ የሚተረጎም ፊልም ዳይሬክተሩ ያላሰበውን ተመልካች ስለሚያገኝለት ክፍያው ሊቀነስ ወይም ሊቀር ይችላል። ትርጉሙን ከእንግሊዝኛው ጽሑፍ ብቻ የሚሠሩ ከሆነ የጊዜ ምልክት ያለበትን ፋይል አብረው ይጠይቁ፤ ያለዚያ እያንዳንዱን መስመር ከንግግሩ ጋር በእጅ ማዛመድ ለአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም የብዙ ቀናት ሥራ ይሆናል።